«አቋራጭ» አትበሉት

ስለ ጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይሄማ አቋራጭ ነው፤ ሮጥ ሮጥ ቢል አይሻለውም ነበር?» ይላል። ሌላም ሰው አለ፤ ቲክቶክ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ለጥፎ ትኬቱንም ሆቴሉንም ኦፕራሲዮኑንም በአንድ ጥቅል የሚሸጥ ደላላ። «ምንም አይሰማዎትም፤ በሳምንቱ ሥራ ይገባሉ» ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው የሚለን እንድናፍር ነው፤ ሁለተኛው እንድንከፍል።

ነገሩ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ኢንተርኔት ላይ ካለ ውሸት ሁሉ ጋር ስጣላ አልኖርም። ይሄኛው ግን ሰው ይጎዳል። ክርክሬ አጭር ነው፦ «አቋራጭ» የሚለው ስም ሰውን ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀ ሰው ክትትል አያገኝም፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ያለ ክትትል ግማሽ ሕክምና ነው። ከቢላዋው ይልቅ መደበቁ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ ማለቴ ነው።

ማን ነኝ? የ29 ዓመት ወጣት፣ ምሕንድስና ተምሬ በሶፍትዌር ዴቨሎፐርነት የምሠራ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ተከራይቼ የምኖር። በ27 ዓመቴ 141 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ73። ለሚያሰላ ሰው ቢኤምአይ 47 ማለት ነው። ደም ግፊት ነበረብኝ፤ ስኳሬ አፋፍ ላይ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ ይቋረጣል። ለትንፋሹ ሲፓፕ የሚባል፣ አፍንጫ ላይ ተገጥሞ አየር የሚገፋ ማሽን ታዘዘልኝ። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው። ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ቀሪውን ይረዳዋል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ እማዬ ተነስታ ትቀመጥና ትንፋሼን ትቆጥራለች። ሕክምናውን የወሰንኩት ጂንስ ሱሪ እንዲያምርብኝ አይደለም።

«ሮጥ ሮጥ በል»

እሺ፣ እንሩጥ። የት?

ኮዬ ፈጬን ብዙ ሰው የሚያውቀው በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ ከተነሳው ውዝግብ ነው። እኔ የማውቀው በሰልፉ ነው። ጠዋት 11፡30 ከቤት ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ እቆማለሁ። በቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ አድርጌ ቢሮ እስክገባ መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ ቢሮ ገብቼ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ወፍራም ሰው ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚባል የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ፦ «የሁለት ሰው ክፈል» ይባላል፤ ተሳፋሪውም ይስቃል። መንገድ ላይ ቶሎ የሚገኘውና ኪስ የሚችለው ምግብ እርጥብ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ ነው፤ ዱቄት፣ ድንች፣ ዘይት። ቤት ስደርስ መሽቷል፤ በብሎኮቹ መሃል ውሾቹ ተረክበዋል። ስፖርቴ ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካን ይዤ አራት ፎቅ መውጣት ነው። እሱን ደግሞ በደንብ ሠርቼበታለሁ።

ይህን የምለው ሰበብ ለመደርደር አይደለም። ሮጬአለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሮጬአለሁ፣ ጂም ከፍዬ ገብቻለሁ፣ እራት ትቻለሁ፣ ሁዳዴን 55 ቀን በአንድ ማዕድ ጾሜአለሁ። አንድ ጊዜ 19 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ተመልሶ መጣ፤ ጓደኛም አስከትሎ። ይህን ታሪክ ለማንም ወፍራም ሰው ንገሩት፤ ኪሎው ብቻ ይለያያል እንጂ ታሪኩን ያውቀዋል።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? እዚህ ላይ ከስብከት ወደ ቁጥር እንለፍ። «ዘ ቢገስት ሉዘር» የሚባል የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ነበር፤ ወፍራሞች እየሮጡ፣ እየተራቡ፣ እያለቀሱ ማን የበለጠ እንደሚቀንስ የሚወዳደሩበት። ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 14 ተወዳዳሪዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መልሰው ለኳቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41 ኪሎው ተመልሷል። ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ሰውነታቸው በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ጉልበት ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ዓመት በኋላም! አካላቸው የቀነሱትን ኪሎ እንደ ዕዳ መዝግቦ ቀስ እያለ ሲያስከፍላቸው ነበር።

ስለዚህ «ፈቃደ ኃይል ይጎድልሃል» የምትለኝ ጓደኛዬ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ በላብ የቀነሰ ሰው ፈቃደ ኃይል ይጎድለዋል? ረሃብ እኮ አመለካከት አይደለም፤ ሆርሞን ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። ሰው ሲከሳ መጠኑ ይጨምራል፤ አንጎል «ድርቅ ገብቷል» ብሎ ያስባል። ይህ አሠራር አያቶቻችንን በረሃብ ዘመን አትርፏል። ፓስታና ለስላሳ በየሱቁ ባለበት ዘመን ግን ያው አሠራር ያወፍራል።

ምንድን ነው የሚሠሩት?

እኔ የተሠራሁት «ስሊቭ» የሚባለውን ነው። ሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው በካሜራ እየታየ ከጨጓራው 75–80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። የሚወጣው ክፍል ያንን የረሃብ ሆርሞን የሚያመነጨውን ይጨምራል። ሥራው «ትንሽ እንድትበላ ማስገደድ» ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ አካሉና አንጎሉ የሚነጋገሩበትን መንገድ መቀየር ነው። ሌላው «ባይፓስ» ነው፤ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ አንጀቱን ከዚያ ጋር የሚያገናኝ፤ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የዛሬውን ቅርጽ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አዲስ ፋሽን አይደለም እንግዲህ። ከብዙዎቻችን ወላጆች ጋር እኩያ ነው።

ይሠራል? ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ወፍራም ሰዎችን፣ ግማሹን ተሠርተው ግማሹን በተለመደው ምክር እየታገዙ፣ ለዓመታት ተከታተሉ። በ2007 ያወጡት ውጤት፣ ዕድሜና መሰል ልዩነቶች ከተስተካከሉ በኋላ፣ በተሠሩት ዘንድ የሞት አደጋው 29 በመቶ ያነሰ ነበር። የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቢኤምአይ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ሌላ በሽታ ኖረበትም አልኖረበት፣ ሕክምናውን ይመክራል።

አደጋስ? አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 4,776 ሰዎችን ተከታትሎ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሺህ ሦስት። ትንሽ ነው? ከሦስቱ አንዱ ለሆነው ሰው ትንሽ አይደለም። የተሰፋው ሊያፈስ ይችላል፤ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ቃር የዘለዓለም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። እና ስሊቭ ወደኋላ አይመለስም። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሮልባክ የለውም፤ የተቆረጠው ጨጓራ ተቆርጧል። ይህን ሁሉ አውቆ፣ ፈርሞ፣ እናቱን ተሰናብቶ የሚተኛን ሰው «አቋራጭ ፈለገ» የምትሉት በምን ሒሳብ ነው?

መርፌውስ? ኦዜምፒክና ዘመዶቹ ጥሩ መድኃኒት ናቸው፤ አልጣላቸውም። ግን ሲቆም ይመለሳል፤ መድኃኒቱን ካቆሙ ሰዎች ጋር በተደረገ ጥናት ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው በዓመት ውስጥ ተመልሷል። በየወሩ የሚገዛ፣ ከመከፈቱ በፊት ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት፣ ፍሪጁ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ በማይታወቅበት ሰፈር! በኪሴም በመብራቱም አሰላሁትና አልወጣልኝም። የእቁብ ዕጣዬን ወስጄ፣ የቆጠብኩትን ጨምሬ፣ ከአጎቴ ተበድሬ ሕንድ ሄድኩ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ እንደኔ ይቆጥቡ የነበሩ ሰዎች ዕቅድ በአንድ ወር ግማሽ ሆኗል። ይህም «አቋራጭ» ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው

ደላላው የማይለጥፈው ፎቶ ይሄ ነው።

ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፤ ሁለት ሳምንት የተፈጨ፤ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፤ ጠጣር ነገር ከአንድ ወር ተኩል በኋላ። ውኃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አይቻልም፤ በትንሹ፣ እንደ ጠበል፣ ቀኑን ሙሉ። እየበሉ መጠጣት ክልክል ነው። ሦስት ማንኪያ ሽሮ ጥግብ ያደርጋል፤ አራተኛዋ ትመለሳለች። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያለ ማኘክ ከተዋጠ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ደረት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። በሦስተኛው ወር ፀጉሬ በእጄ እየመጣ መውደቅ ጀመረ፤ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ በኋላ ተመለሰ። ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ደግሞ ዕድሜ ልክ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፤ በየጊዜው ደም እየሰጡ መመርመር።

አሁን ይህን ሁሉ እኛ ሀገር ውስጥ አስቀምጡት። ጉርሻ በማይከለከልበት ሀገር። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚል ዘመድ ባለበት ሰርግ ላይ፣ ጨጓራህ የቡና ስኒ ሁለቱን ያህላል። ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አብረው ይወጣሉ፤ 60 ግራም ፕሮቲን ከምስርና ከሽሮ በዚያች ጨጓራ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሶፍትዌር ሰው ሳይሆን አስማተኛ ነው የሚያሰላው። ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። አላወሳሰቡትም፤ «ታማሚ ነህ፤ ሐኪምህ ያዘዘህን ብላ፤ ጾሙን በሌላው ትጾመዋለህ» አሉኝ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህ ነው ሕመሜን ሕመም ብሎ የጠራው።

እማዬ ጋ ግን ሌላ ነው። የእሷ ትውልድ ክሳት አይቷል፤ የ66ትን፣ የ77ትን። ከዚያ ደግሞ ኤድስ መጣና «ከሳ» የሚለው ቃል ራሱ መርዶ ሆነ። ውፍረት «ተመቸው» ነበር፤ «ወዝ አለው» ነበር። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቦዲዎች ካኤል በሚባለው በዓላቸው ለወራት ወተትና ደም እየጠጡ ለወፈረው ወንድ ክብር ይሰጣሉ፤ ከተሜው በቱሪስት ፎቶ እያየ ይገረማል፤ ግን የራሱን አክስት «ወፈርክልኝ፣ ተመስገን» ስትል ሰምቷት አያውቅም? ልጇ በወር አሥር ኪሎ ሲቀንስ እናት ደስ አይላትም፤ ትፈራለች። ጎረቤቶች «ልጁን ምን ነካው?» ማለት ሲጀምሩ እማዬ መልስ አዘጋጀች፦ «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተሠርቶ ነው።» ውሸት አይደለም እኮ! ጨጓራ ያላመመው አዲስ አበቤ ስለሌለ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም። በማግስቱ ከየብሎኩ ተልባና አብሽ መጣ።

ሳቅኩ። ግን ሳቁ ውስጥ ችግሩ አለ።

ሚስጥሩ የሚያስከፍለው

በስድስተኛው ሳምንት ለቀናት አስመለሰኝ። ውኃም አልቆይ አለ። ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ምን እንደተሠራሁ ስናገር ባለሙያው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስፖርት አትሠራም ነበር?» የሚል ነው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ፦ «ግሉኮስ ስቀሉለት።»

ከሕንድ ይዤ የመጣሁት አንድ ገጽ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አሳየሁት፦ ለቀናት ያስመለሰው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ታማሚ ከግሉኮስ በፊት ወይም ከእሱ ጋር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ማግኘት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰውነት ስኳርን ለማቃጠል ታያሚን ይጠቀማል። ታያሚን ባለቀበት ሰው ላይ ስኳር ብቻ ከተጨመረ የቀረችውን ይጨርሳትና አንጎል ይጎዳል፤ ሚዛን መሳት፣ የዓይን ችግር፣ የማስታወስ ችሎታ ማጣት፤ አንዳንዱም አይመለስም። ባለሙያው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ትእዛዙን ቀየረ። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ሙሉ አእምሮ ይዤ ነው።

አሁን ያንን ወረቀት አውጥታ ለማሳየት የምታፍር አንዲት ልጅ አስቡ። ለባሏ «እረፍት ልሂድ» ብላ የሄደች፣ ለእህቷ «ዳይት ነው» ያለች፤ ክሊኒክ ስትገባ ደግሞ ጎረቤቷ እዚያ ተራ ይጠብቃል። «ጨጓራዬን ነው» ትላለች። ግሉኮስ ይሰቀልላታል። ሌላ ቀን ወገቧን ያማትና የተለመደው ዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፤ በተለይ ባይፓስ ለተሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ማስታገሻ የመገናኛውን ቦታ ሊያቆስልና ሊያደማ እንደሚችል የሚነግር የለም፤ ምክንያቱም መሠራቷን የሚያውቅ የለም። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል እንደሚጨምር፣ ከእርግዝና በፊት ግን ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት እንደሚመከር፣ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላይ መተማመን እንደማይገባ ማን ይንገራት? ደላላው ስልኩን ዘግቷል። ሐኪሟ ሌላ ሀገር ነው።

እናንተ «አቋራጭ» ስትሉ የምትስቁት እሷ ላይ ነው። ቃሉ ያሳፍራታል፤ ኀፍረቱ አፏን ይዘጋል፤ የተዘጋው አፍ ያንን መርፌ ያስወጋታል። ሰንሰለቱ ይሄ ነው። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

«ሕዝብ እየተራበ…»

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይሄ ነው፤ ልዝለለው አልፈልግም። «በዚህች ሀገር ሰው እየተራበ አንተ ስለ ውፍረት ታወራለህ?» እውነት አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 22 በመቶው ከመጠን በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን ያሳያል። በከተማ ግን የወፈሩት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። ሁለቱ ችግር አንድ ሀገር፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። ተቃራኒም አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 45 ሆላንድ በረሃብ ስትመታ፣ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ወንዶች ሲያድጉ ይበልጥ ወፍራሞች ሆነው ተገኝተዋል። የረሃብ ታሪክ ያለው ሀገር ስለ ውፍረት ሊያፌዝ ሳይሆን ሊጠነቀቅ ነው የሚገባው።

መንግሥት የእኔን ኦፕራሲዮን ይክፈልልኝ አላልኩም። ሕፃን የሚያክም በጀት ወደ እኔ ይምጣ አላልኩም። የምጠይቀው ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው፦ መሳለቅ ይቁም። ጥቂት የሚያስወጣ ነገርም እጠይቃለሁ፦ መዝገብ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በብሔራዊ ደረጃ ትመዘግባለች፤ ማን ተሠራ፣ ምን ገጠመው፣ ከዓመታት በኋላ እንዴት ነው። እዚህ ተሠርቶም ይሁን ውጭ ተሠርቶ የመጣ ሰው ስሙ የሚመዘገብበት፣ ቢ12 የሚለካበት፣ ሳይሰደብ የሚገባበት አንድ ክፍል በአንድ ሆስፒታል ይኑር። ዴቨሎፐር ነኝ፤ መዝገቡን ለመሥራት ከፈለጋችሁ ቅዳሜና እሁዴ ክፍት ነው። አልሮጥም እኮ፤ ማለቴ እሮጣለሁ፣ ግን ጠዋት ነው።

ለደላሎች፦ ፎቶውን ስትለጥፉ ከሥሩ የቫይታሚኑን ዋጋ ጻፉ። ለአምስት ዓመት። በብር። ከዚያ «ቀላል ነው» በሉ።

ለተሠራችሁና ለተደበቃችሁ፦ ለሰፈር ንገሩ አልልም፤ ሆዳችሁ የናንተ ነው። ግን ሦስት ሰው ይወቅ፦ የሚያክማችሁ ሁሉ፣ አብሯችሁ የሚያድር አንድ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው። ወረቀቱን አሳትማችሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልክ ላይ አስቀምጡ፦ መቼ ተሠራሁ፣ ምን ዓይነት፣ ታያሚን፣ ዳይክሎፌናክ የለም።

ለማኪያቶው ሰውዬ ደግሞ፦ ዛሬ 96 ኪሎ ነኝ። ቢኤምአዬ 32 ነው፤ በሰንጠረዡ አሁንም ወፍራም ነኝ፤ «በኋላ» የሚለው ፎቶ ላይ አልወጣም። ሲፓፑን ሐኪሙ አስቁሞልኛል፤ መብራት ሲጠፋ እማዬ ትተኛለች። ይህን ያገኘሁት በሁለት ዓመት፣ በእቁብና በብድር፣ በሦስት ማንኪያ ሽሮ፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ነው። ይህ አቋራጭ ከሆነ ረጅሙን መንገድ አሳየኝና አብረን እንሂድ። ካላወቅከው ግን ማኪያቶህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።